ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ ቦታው ተናገሪ

እህቴ፣ ጎረቤትሽ በርሽ ድረስ ይዛው የመጣችውን ወረቀት ዛሬ አትፈርሚበት። ይቀመጥ። ማመልከቻውን አንብበሽ፣ ቦታውን በእግርሽ ዞረሽ ካየሽ በኋላ ያመንሽበትን ታደርጊያለሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሥጋትሽን እያጣጣልኩብሽ ግን አይደለም። ስንት ዓመት ፈረቃ ደርበሽ ሠርተሽ የገዛሽው ቤት ነው። ከጓሮሽ ማዶ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ አዲስ ክንፍ ልጨምር ሲል፣ መኪናው የት ይቆማል፣ ዛፉ ይቆረጣል ወይ፣ የዝናቡ ውሃስ ወደ ማን ግቢ ይወርዳል ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። እኔ ዝም በዪ አልልሽም።

ብቻ ወረቀቱን ደግመሽ እዪልኝ። «የሰፈራችን ጠባይ ይለወጣል» ይላል። «የማናውቃቸው ሰዎች ይበዛሉ» ይላል። «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» ይላል። ስለ መንገዱ ስፋት፣ ስለ ፓርኪንጉ፣ ስለ ጎርፉ አንድ ቃል የለበትም። ከላይ እስከ ታች የሚያወራው እዚያ ስለሚገቡት ሰዎች ነው። እነዚያን ሰዎች ደግሞ እኔ አውቃቸዋለሁ፤ እንጀራዬ እነሱን መንከባከብ ነው። ስለዚህ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፣ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይመዘዛል፦ ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ ቦታው ተናገሪ። ሕሊናም ሕግም አብረውሽ የሚቆሙት እንዲህ ስትናገሪ ነው።

መጀመሪያ የተጠየቀውን እወቂ

«ሲኒየር ሀውዚንግ» ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላል። ነገር ግን ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ፣ የራሳቸው ኩሽና ያላቸው፣ ብዙዎቹም ገና መኪና የሚነዱ አረጋውያን የሚገቡበት አፓርታማ አለ። ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ለመውሰድ እገዛ ለሚፈልጉ ደግሞ አሲስትድ ሊቪንግ አለ። የመርሳት ሕመም ላለባቸው በሩ በኮድ የሚከፈት ክፍል አለ። ነርስ ቀንና ሌሊት የማይለየው ነርሲንግ ሆምም አለ። የመጀመሪያው የነዋሪ መኪና ይዞ ይመጣል፤ የመጨረሻው የሠራተኛ መኪና፣ አምቡላንስና የዕቃ ማመላለሻ። የሚጨመረው የትኛው ነው? ስንት ክፍል? ስንት ፎቅ? በአንድ ፈረቃ ስንት ሠራተኛ? ይህን ሳታውቂ የምትፈርሚው ፊርማ በወሬ ላይ የተፈረመ ነው።

በእናንተው ካውንቲ፣ በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ፣ መንገዱ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ተቋም መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው «ኮንዲሽናል ዩዝ» በሚባለው፣ በቅድመ ሁኔታ በሚሰጥ ፈቃድ ነው። ለመስፋፋት ያንን ፈቃድ ማሻሻል አለበት፤ ማሻሻያው ከፍ ያለ ከሆነ ጉዳዩ እንደ አዲስ ማመልከቻ ይታያል። የፕላን ባለሙያዎች መርምረው ሪፖርት ይጽፋሉ፣ ፕላኒንግ ቦርዱ አስተያየቱን ይሰጣል፣ ከዚያ ሂሪንግ ኤግዛሚነር የሚባለው ሰው ሂሪንግ በሚባለው ችሎት ምስክሮችን በመሐላ ሰምቶ ውሳኔውን በጽሑፍ ይሰጣል። ማመልከቻው፣ የግቢው ንድፍ፣ ስለ ትራፊክ የቀረበው ሰነድ፣ የባለሙያዎቹ ሪፖርት ሁሉም ለሕዝብ ክፍት ነው። ተቋሙ ደጃፍ ላይ ማስታወቂያ ተተክሏል፤ ለአጎራባቾችም ደብዳቤ ይላካል። የመዝገቡን ቁጥር ከዚያ ያዢ።

መዝገቡን ስታገኚ ከሁሉ በፊት የምትፈልጊው የድሮውን ፈቃድ ነው። ተቋሙ መጀመሪያ ሲሠራ ምን ምን ግዴታ ተጥሎበት ነበር? በአጥሩ ጥግ ዛፍ ይተከላል ተብሎ ነበር? የሠራተኛ መኪና ግቢ ውስጥ ብቻ ይቆማል ተብሎ ነበር? አሁን ወጥተሽ እዪው። ዛፉ ከሌለ፣ መኪናው መንገድ ላይ ከተደረደረ፣ ቀን ያለበት ፎቶ አንሺ። የትናንቱን ግዴታ ያልፈጸመ ለነገው ሌላ ቃል ሲገባ ማስረጃው በእጅሽ ይኖራል፤ ከብዙ ፊርማም ይበልጣል። ፈጽሞ ከተገኘም ያንኑ ለመናገር አትፈሪ። እውነተኛ ምስክር የሚታመነው ለሁለቱም ወገን እውነት ሲናገር ነው።

ሕጉ የት ላይ ይቆማል

በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ሹልትዝና ፕሪትስ በተከራከሩበት መዝገብ የተሰጠ ውሳኔ አለ። እስከ ዛሬ እንዲህ ባለ ጉዳይ ሁሉ ይጠቀሳል። ፍሬ ነገሩ ይኸውልሽ፦ የዞኒንግ ሕጉ አንድን ዓይነት ተቋም በቅድመ ሁኔታ ከፈቀደ፣ ተቋሙ የትም ቢሠራ ይዞት የሚመጣው ጣጣ ብቻውን መከልከያ አይሆንም። መከልከያ የሚሆነው በዚህ በተባለው ቦታ ላይ ከሌላው ቦታ የባሰ ጉዳት እንደሚያደርስ ሲታይ ነው። የካውንቲው የዞኒንግ ሕግም ይህንኑ መለያ ይዟል። ስለዚህ «መኪና ይበዛል» ብለሽ ብትቀመጪ ምንም አላልሽም፤ የአረጋውያን መኖሪያ የትም ሲሠራ መኪና ይመጣል። «ከተቋሙ መውጫ በስተግራ ኮረብታው ስለሚጋርድ የሚመጣ መኪና አይታይም፤ መውጫው ወደ ቀኝ ብቻ እንዲሆን እንጠይቃለን» ስትዪ ግን ኤግዛሚነሩ ብዕሩን ያነሳል።

ሌላም አለ። በቴክሳስ ክሊበርን በምትባል ከተማ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የጋራ መኖሪያ ይከፈት ሲባል ከተማው ልዩ ፈቃድ ጠይቆ ከለከለ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1985 ክልከላውን ውድቅ ሲያደርግ የጎረቤት ጥላቻና መሠረት የሌለው ፍርሃት ለክልከላ ምክንያት ሊሆን አይችልም አለ። ከተማው ቦታው የጎርፍ ክልል መሆኑንም አንስቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በዚያው ቦታ ላይ የአረጋውያን መጦሪያ ወይም ሆስፒታል ቢሠራ ልዩ ፈቃድ እንደማይጠየቅ አይቶ ምክንያቱን አልተቀበለውም። ከዚህ ትምህርት ውሰጂ። ትክክለኛ ጥያቄ እንኳ ለአንዱ ብቻ ሲቀርብ ሌላ ነገር ለመሸፈን የመጣ ያስመስለዋል። ጎርፉን የምታነሺ ከሆነ የጎረቤት ጋራዥ ሲሰፋም የምታነሺው ጎርፍ ይሁን።

የ1968ቱ የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ በ1988 ሲሻሻል ለአካል ጉዳተኞች ከለላ ጨምሯል። ከእነዚህ አረጋውያን ብዙዎቹ በእርጅናና በሕመም ምክንያት በዚህ ከለላ ሥር ናቸው። «ዎከር የሚገፋ ሰው በበዛበት ሰፈር ልጅ ማሳደግ አልፈልግም» የሚል ጎረቤት ቢያጋጥምሽ ንግግሩ ከማስቀየሙም በላይ መዝገብ ላይ ሲሰፍር የእናንተኑ ጥያቄ ይጥለዋል። ከእንዲህ ያለው ጋር ስምሽ በአንድ ወረቀት አይውጣ።

ሥጋቱን አንድ በአንድ እንየው

ከመኪናው እንጀምር። የትራንስፖርት መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት መሐንዲሶች ሁሉ የሚጠቀሙበት መመሪያ አለው። በእሱ መሠረት ለብቻው የቆመ የቤተሰብ ቤት በቀን በአማካይ ከ9 በላይ የመኪና ጉዞ ያመነጫል፤ ለአረጋውያን የተሠራ አፓርታማ ግን ከ4 በታች። ስለዚህ በዚያው መሬት ላይ ተራ ቤቶች ቢሠሩ ምን ያህል መኪና ይመጣ ነበር የሚለውንም አስዪው፤ ማነጻጸሩ ዓይን ይገልጣል።

በእኔ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ግን በዚያ አማካይ ውስጥ አይታይም፤ የፈረቃ ለውጥ። የነርሲንግ ሆምና የአሲስትድ ሊቪንግ ሠራተኛ የሚቀያየረው በዚህ አገር አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ጠዋት 7፣ ከቀትር በኋላ 3 እና ማታ 11 ሰዓት ላይ ነው። ወጪው ሳይወጣ ገቢው ይደርሳል። ለተወሰነ ጊዜ የሁለት ፈረቃ መኪና በአንድ ላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ግቢው ሲሞላ ትርፉ አንቺ ደጅ ይቆማል። የትራፊክ ቆጠራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ሰው ወደ ሥራ በሚሄድበትና በሚመለስበት ሰዓት ላይ ስለሆነ የ3 ሰዓቱ ግርግር ሊዘለል ይችላል። ስለዚህ ወጥተሽ ቁጠሪ። በሳምንቱ የሥራ ቀን ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ስንት መኪና መንገድ ላይ እንደቆመ ጻፊ። ከዚያ የፓርኪንጉ ስሌት ሁለቱ ፈረቃዎች የሚደራረቡበትን ሰዓት ይጨምራል ወይ ብለሽ ጠይቂ። መልስ ሳይሰጡሽ ሊያልፉት የማይችሉት ጥያቄ ይህ ነው። በዚያ መንገድ ላይ መኪናቸውን የሚያቆሙት ብዙዎቹ የእኛው አገር ልጆች መሆናቸውንም አትርሺ። ቦታ ቢዘጋጅላቸው እነሱም ይገላገላሉ።

የአምቡላንሱን ነገር ሁሉም ያነሳዋል። ወደ ተቋሙ ከሚመጣው መኪና ብዙው ቀጠሮ ያለው ሰው ወደ ዲያሊሲስ፣ ወደ ሐኪም የሚያደርስ እንጂ ሳይረን የሚያስጮህ አይደለም። ሳይረኑም ሲመጣ ለሰው ነፍስ ነው የሚመጣው፤ እሱን አቁሙ ብለሽ አትጠይቂ። የምትጠይቂው መኪናው በየት በር እንደሚገባ፣ ዞሮ ለመውጣት ቦታ እንዳለው፣ ሞተሩን እንዳስነሳ የሚጠብቀው በማን መኝታ ቤት መስኮት ሥር እንደሆነ ነው።

ስለ መብራት ሕጉ ራሱ ቁጥር አስቀምጧል። በካውንቲው የዞኒንግ ሕግ ለብቻው ከቆመ የመኖሪያ ቤት ጋር በሚያዋስነው መስመር ላይ የኮንዲሽናል ዩዝ የውጭ መብራት ፉት ካንድል በሚባለው የብርሃን መለኪያ ከ0.1 መብለጥ የለበትም። የመብራቱን ንድፍ እዪና በአንቺ አጥር በኩል ያለውን ቁጥር አንብቢ። ከመብራቱ ቀጥሎ ሰው የሚረሳቸውን ጠይቂ፦ የቆሻሻ መኪና የሚገባበትን ሰዓት፣ የኩሽናው የጭስ መውጫ የዞረበትን አቅጣጫ፣ ጀነሬተሩ ለሙከራ የሚነሳበትን ቀንና ሰዓት። ከተቋም አጠገብ የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚሰማው እነዚህን ነው።

ውሃውና ዛፉ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ሜሪላንድ የደን ጥበቃ ሕግ ያወጣችው በ1991 ነው፤ የ2007ቱ የዝናብ ውሃ ሕግ ደግሞ አዲስ ግንባታ ውሃውን በተቻለ መጠን በገዛ ግቢው እንዲያሰርገው ያስገድዳል። ምድር ቤትሽ በኃይለኛ ዝናብ ጊዜ ውሃ የሚገባው ከሆነ ፎቶውን፣ የጠጋኙን ደረሰኝ፣ ቀኑን አቅርቢ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ዋጋው ብዙ ነው።

ስለ ቤት ዋጋ የምሰማው ሁሉ «ይላሉ» ነው። የሜሪላንድ የግብርና የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ቤት የሽያጭ ዋጋና ቀን ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። ተቋሙ አሁንም ጎረቤትሽ ነው፤ አዲስ ነገር አልመጣም። አጥር ለአጥር የሚዋሰኑትን ቤቶችና ሦስት መንገድ ርቀው ያሉትን ፈልጊና አስተያዪ። ያገኘሽው ነገር ካለ ይዘሽው ቅረቢ። ከሌለ ወሬውን ተዪው።

ሂሪንጉ ላይ ስትቆሚ

እያንዳንዳችሁ አንድ ጉዳይ ያዙ። አንዱ ስለ ውሃው፣ አንዱ ስለ ፓርኪንጉ፣ አንዷ ስለ መብራቱ ትናገር። ሁሉም ተነስቶ ያንኑ ቁጣ ሲደጋግም ሰሚው የሚጽፈው አያገኝም። ፎቶሽ ላይ ቀን ይኑር፣ የቆጠርሽው ላይ ሰዓት ይኑር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የምትፈልጊውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪው። የምትናገሪው በመሐላ ነው፣ ይመዘገባል፤ የተቋሙ ጠበቃም ይጠይቅሻል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያላየሽውን አየሁ አትበዪ። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ጎረቤቶች ካሉ አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። አማርኛ በዚህ ካውንቲ የታወቀ ቋንቋ ነው፤ ሰው ሐሳቡን በሙሉ አፉ ሊናገር ይገባዋል።

ያንን ፊርማ ማሰባሰቢያም አንቺው እንደገና ጻፊው። «እንቃወማለን» ከሚል ጩኸት ይልቅ «ይህ ከተሟላ እንቀበላለን» የሚል ዝርዝር ብዙ ርቀት ይሄዳል። ጎረቤቶችሽ መጀመሪያ ቅር ይላቸው ይሆናል። ግን ያቀረባችሁት ተቃውሞ ብቻ ሲሆን የሚደርሰውን አስቢው፤ ተቃውሞው ከወደቀ እናንተ ያስመዘገባችሁት ምንም ግዴታ ሳይኖር ይጸድቃል፣ ጣጣው ሁሉ ለእናንተ ይቀራል።

ቃል ሳይሆን ግዴታ ያዢ

የተቋሙ ሰዎች ጎረቤት ሰብስበው ቡናና ኩኪስ አቅርበው ደግ ደጉን ይነግሯችኋል። ክፋት የለውም፣ ሂጂ። ሆኖም እዚያ የተባለው በውሳኔው ውስጥ ካልተጻፈ ሥራ አስኪያጁ የተቀየረ ዕለት ይረሳል። «ለጎረቤት ተገቢው ጥንቃቄ ይደረጋል» የሚል ግዴታ ማንም ሊያስፈጽመው አይችልም። «የቆሻሻ መኪና ከጠዋቱ 7 ሰዓት በፊት አይገባም» የሚለውን ግን ማንም ሰዓት አይቶ ያውቀዋል። ቁጥር፣ ሰዓት፣ ቦታ ያለው ይሁን። የተጣሰ እንደሆነ 311 ደውለሽ ለፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ታመለክቻለሽ፤ መጥቶ ማየት ሥራው ነው። የነዋሪዎችና የተቋሙ መገናኛ ኮሚቴ እንዲቋቋምም ጠይቂ። በዚህ ካውንቲ በእንዲህ ዓይነት ፈቃድ ላይ የተለመደ ነው፤ ግንባታው ሲጀመርም ከማንጎራጎር የሚደወልለት ሰው ማወቅ ይሻላል።

ደግሞ ለራስሽ ብቻ አትጠይቂ። ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ተቋሙ በር የእግረኛ መንገድ እንደሌለ አይተሻል? አንዲት እናት የዎከራቸው ጎማ እርጥብ ሣር ውስጥ እየሰመጠ፣ በአንድ እጃቸው ፌስታል ይዘው፣ መኪና በሚሮጥበት አስፋልት ጠርዝ ሲሄዱ ነፍስ አይቀርልሽም። መንገዱ ይሠራ ብለሽ ብትጠይቂ የአንቺም ልጅ በጋሪ ይሄድበታል። ከሚጨመሩት ቤቶች ስንቶቹ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው እንደሆኑም ጠይቂ። ካውንቲው ከ1974 ጀምሮ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ቤት የሚሠራ ሁሉ ቢያንስ 12.5 በመቶውን በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ አለው። ይህ ግንባታ በዚያ ሕግ ሥር ይወድቃል ወይ? ለእናቶቻችን ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው።

ምክንያቱም የቤታችንን ጉድ እናውቀዋለን። እናትን ከአገር ቤት እናመጣለን፤ ጠዋት ሁላችንም ወደ ሥራ እንወጣለን። እሷ ሰው በሌለበት ቤት፣ በማታውቀው ቋንቋ በሚያወራ ቴሌቪዥን ፊት እስከ ማታ ትቀመጣለች። እናት በልጅ ቤት ትጦራለች ያልነው እውነት ነው፣ ፍቅሩም አለ፤ ፍቅሩ ግን ቀን ቀን ደረጃ ላይ ስትወድቅ አያነሳትም። ከቤተክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ጓደኞቿ ጋር በአንድ ሕንፃ መኖር፣ ቡና ተጠራርቶ መጠጣት፣ ማታ ልጅ መጥቶ መጠየቅ ለብዙዎቹ ዕረፍት ነው። ችግሩ ቦታ አለመገኘቱ ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ በዚህ አገር ከስድስት ሰው አንዱ 65 ዓመት የሞላው ነበር። ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው ትልቁ ትውልድ ደግሞ በ2030 ሁሉም 65 ይሞላዋል። እነዚህ ሁሉ አረጋውያን የሆነ ሰፈር ውስጥ መኖራቸው አይቀርም፤ የእያንዳንዱ ሰፈር ሰውም ሌላ ቦታ ይሂዱ ቢል የሚሄዱበት አይኖርም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት መዝገቡን አውጪ፣ የድሮውን ፈቃድ አንብቢ፣ የፈረቃውን ሰዓት ቆመሽ ቁጠሪ፣ ከዚያ ጎረቤቶችሽን ቡና ጥሪና ወረቀቱን አብራችሁ ጻፉት። የምትጽፉትን ሁሉ በአንድ መለኪያ ለኩት፦ አሁን እዚያ ሕንፃ ውስጥ በሚኖሩት አረጋውያን ፊት፣ ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ? ፓርኪንጉን፣ ጎርፉን፣ መብራቱን ማንበብ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ብዙዎቹ «እውነትሽን ነው ልጄ» ይሉሻል። ማንበብ የሚያሳፍራችሁን መስመር ሰርዙት። የቀረውን ፈርሚበት፣ እኔም አብሬሽ እመጣለሁ።